የዋግ ጠላ ቤት

ወደ አውሮፓ ተጉዞ የተመለሰ ሰው ከሚያወራቸው ነገሮች አንዱ የጠመቃ ቤት ጉብኝት ነው። በቼክ አገር ፒልዘን በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1842 ወርቅ የሚመስለውን ቢራ መጀመሪያ የጠመቀው ፋብሪካ፥ ከምድር በታች የተፈለፈሉትን ቀዝቃዛ ዋሻዎቹን ለእንግዳ ከፍቶ፥ መሪ ሰጥቶ፥ ከእንጨት በርሜል ቀድቶ እያቀመሰ ያስጎበኛል። በአይርላንድም ዋና ከተማ በደብሊን አርተር ጊነስ የተባለው ጠማቂ በ1759 በዓመት 45 ፓውንድ እየከፈለ ለ9,000 ዓመት የተከራየው ስፍራ አለ፤ በዚያው ግቢ በ1904 ለማፍያ ሥራ የታነጸው ታላቅ ሕንጻ ሥራው ካበቃ በኋላ ታድሶ በ2000 ለጎብኚዎች ተከፍቷል። ሰዎቹ የአያቶቻቸውን ጋን እንደ ቅርስ አድርገው ያሳያሉ፤ የሚያየውም ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ተሰልፎ ይገባል።

ይህን ሁሉ ያወራልኝ አንድ ወዳጄ ከነገሩ በኋላ፥ «እኛስ ለእንግዳ የምናሳየው የጠመቃ ቤት አለን ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለጊዜው በአፌ የመጣልኝ መልስ ስለ ፋብሪካዎቻችን ነበር። በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በአገራችን የመጀመሪያው ነው፤ በጎንደርም ስሙን ከታላቁ ተራራ የወሰደው የዳሸን ፋብሪካ አለ። ስለ ግብርም ነገርኩት፤ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የዳግማዊ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለሕዝብ ስለ ተከፈተ፥ ጠጁ እንደ ውሃ ይወርድበት የነበረውን ስፍራ ማየት ለሁሉም ተፈቅዷል። ወዳጄ ግን ራሱን ነቅንቆ፥ «ፋብሪካው ከውጭ የመጣ ነው፤ አዳራሹም የሚጠጣበት እንጂ የሚጠመቅበት አይደለም» አለኝ። በውነቱ ተረታሁ።

ነገሩን ሳሰላስል ቆይቼ መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። የኛ የጠመቃ ሕንጻ ጓዳ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና በአክሱም ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሕፈት ላይ፥ ስለ ቤጃ ሰዎች ሲናገር፥ እንጀራ በልተው ጠላና የወይን ጠጅ እስኪጠግቡ እንደ ተሰጣቸው ይገልጻል። ያን ጠላ የጠመቁት እጆች ስማቸው በድንጋዩ ላይ የለም፤ ነገር ግን የሴቶች እጆች እንደ ነበሩ ለመገመት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ይህም ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ፥ ስለ ጓዳ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላገኝምና፥ ወደ ዋግ ሄጄ ያየሁትን ለአንባቢዎቼ ለመንገር ብዕሬን አነሣሁ።

ስለምን ዋግን መረጥህ የሚለኝ ቢኖር፥ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው ዋግ ጥንታዊ አገር ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው ግን እህል ውድ የሆነበት አገር ስለ ሆነ ነው። እህል በተትረፈረፈበት አገር ጠላ መጥመቅ ቀላል ነገር ነው፤ እህል በቁና በሚቆጠርበት አገር የሚጠመቀው ጠላ ግን ሌላ ነገር ይናገራል።

ከላሊበላ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ሽቅብና ቁልቁል፥ ድንጋይና አቧራ ነው። ተራሮቹ የተራቆቱ ናቸው፤ እርከኑ በየገደሉ ወገብ ላይ ተደርድሮ ሲታይ፥ ሰው ከድንጋይ ጋር ምን ያህል ዘመን እንደ ታገለ ይታወቃል። ክረምት የሚወርደው ውሃ ሁሉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ፥ በተራሮች መካከል ተቀምጣለች። በቀድሞ ዘመን አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ እየተጫነ ይመጣባት ስለ ነበረ የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች፤ በቅሎ ነጂውና ነጋዴው የሚያርፍባት ከተማ ያለ ጠላ ቤት ልትኖር እንደማትችል አንባቢ ይረዳዋል።

የዋግ ገዢዎች ዋግሹም ይባሉ ነበር። ትውፊት እንደሚነግረው ዘራቸው ከዛጔ ነገሥታት ነው። ከእነዚሁ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ፥ ዓፄ ቴዎድሮስ ካለፉ በኋላ ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በፋሽስት ወረራም ዘመን ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዚሁ አገር ጠላትን ሲዋጉ ቆይተው በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ ወድቀዋል፤ ጠላትም ራሳቸውን ቆርጦ ለሕዝብ እንዳሳየ ይታወቃል። ከሰቆጣ ጥቂት ራቅ ብሎ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የተባለው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በዚያም የዋግ መኳንንት አስከሬን በሣጥን ሆኖ እስከ ዛሬ ይታያል። ወደ ዋግ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

እኛንም የመራን የአገሩ ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት ነበር። ኽምጣንጋና አማርኛ እኩል ይናገራል፤ ስለ ዓለቱ ቅርጽ፥ ስለ መኳንንቱም ትውልድ ሲያስረዳ አፉ አይያዝም። ካየን በኋላ፥ «አሁን ደግሞ የጠላ ጓዳ አሳየኝ» ብለው፥ የሚቀልድ ሰው መሰልኩት። «ጌታዬ፥ እንግዶች ዋሻውን ያያሉ፤ ከዚያም ሆቴል ገብተው በጠርሙስ ያለውን ይጠጣሉ፤ ጓዳችሁን አሳየኝ ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም» አለኝ። ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያውስ ወደ ደሃና እንሂድ፤ አክስቴ የምላቸው ሴት አሉ» አለ።

የደሃና ወረዳ ዋና ከተማ አምደ ወርቅ ነው። ከተማው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሠራ ስለ ሆነ ብዙ የሚጻፍ ነገር የለውም፤ የቆርቆሮ ቤት እንደ ሌላው የቆርቆሮ ቤት ነው። የጠላ ቤት ግን የትም ቢሆን በምልክቱ ይለያል፤ በበሩ አጠገብ በተተከለ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ፤ ጣሳው ከወረደ ጋኑ ባዶ ነው፤ ማንበብ የማይችልም ሰው ያነበዋል። እኛ የሄድንበት ቤት እንጨቱ ቆሞ ነበር፥ ጣሳው ግን አልነበረበትም።

«ቤቶች!» ሲል ወጣቱ ተጣራ።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፥ ግቡ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ባለቤቲቱ ሰባ ዓመት የሚጠጋቸው፥ ቀጭን፥ ፈጣን ሴት ናቸው። የመጣሁበትን ጉዳይ ወጣቱ ሲነግራቸው ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ልጄ፥ ጠላ ሊጠጣ የመጣ ሰው ስንት አይቻለሁ፤ ጠላ ሊያይ የመጣ ሰው ግን ዛሬ አየሁ» አሉኝ። ይሁን እንጂ መሪነቱን የተቀበሉት በደስታ ነው፤ በደብሊን ያለው መሪ ከርሳቸው የበለጠ እንደማያስረዳ እምላለሁ።

ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ክብ ቤት ነው። በግድግዳው ዙሪያ መደብ አለ፤ ጠጪው የሚቀመጠው በዚያ ላይ ነው። ከመካከሉ ወደ ኋላ የተከለለው ጓዳ ጨለማ ነው፤ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ምንም አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ጋኖቹ አንድ በአንድ ይገለጣሉ፤ ሦስት ናቸው፥ ሆዳቸው ሰፊ፥ አንገታቸው ጠባብ፥ ታቻቸው ሾጠጥ ያለ ስለ ሆነ በድንጋይ ተደግፈው ግማሽ ያህል በመሬት ተተክለዋል። የመሬቱ ቅዝቃዜ ለጠላው ይጠቅማል፤ የፒልዘን ሰዎች ዋሻ የፈለፈሉት ለዚሁ ምክንያት ነው። ጣራው ከብዙ ዘመን ጢስ የተነሣ እንደ ጥቁር ቆዳ ያበራል። የወይራ ጢስ ሽታ ከግድግዳው፥ ከመደቡ፥ ከባለቤቲቱም ልብስ ይወጣል።

«መጀመሪያ ጋኑ ነው» አሉ እማማ። «ሸክላ እንደ ሕፃን ነው፤ የቀመሰውን አይረሳም። ክፉ ሽታ ከያዘ ጠላው ይበላሻል፤ ጠላውም ከተበላሸ ሰው እኔን ይንቃል።» ስለዚህ ጋኑ በግራዋ ቅጠል ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያም የወይራ እንጨት ፍም ተደርጎ ጢሱ እስኪጠግብ ድረስ አፉ ተደፍቶ ይታጠናል። ይህ ለሽታው ብቻ አይደለም። የግራዋ ምሬትና የወይራ ጢስ በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ የሚሰወረውን የሚያኮመጥጥ ተዋስያን ያዳክማሉ። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ስለ ቢራ ብልሽት ታላቅ መጽሐፉን ያወጣው በ1876 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እናቶቻችን መጽሐፉን ሳይጠብቁ ጋኑን ሲያጥኑ ኖረዋል።

ከዚያ ብቅሉ ይመጣል። ገብሱ አንድ ቀን ያህል በውሃ ይዘፈዘፍና ይጠልላል፤ በቅጠል ተሸፍኖ በሙቀት እስኪበቅል ይቆያል፤ ነጭ ሥሩ ሲያቆጠቁጥ በፀሐይ ይደርቃል፥ ይፈጫልም። እማማ ጥቂት ብቅል በመዳፌ አድርገው፥ «ቅመሰው» አሉኝ፤ ጣፋጭ ነው። ምሥጢሩም በዚያ ጣፋጭነት ውስጥ ነው፤ እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠር ኀይል ዱቄቱን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ዓየር ያወጣል። ብቅል የሌለው ጠላ እሳት እንደ ሌለው ምድጃ ነው።

ጌሾው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ ይወቀጣል፥ እንጨቱም ይከተከታል። ለኛ ጌሾ ማለት ለአውሮፓ ሰዎች ሆፕስ ማለት ነው፤ ያመርራል፥ ከብልሽትም ይጠብቃል። የባየርን መሳፍንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1516 ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕስና ከውሃ በቀር በሌላ እንዳይጠመቅ ሕግ አውጥተዋል፤ ይህንንም ሕግ እስከ ዛሬ ይኮሩበታል። የጌሾን ነገር ግን በኛ አገር ያጸናው ባልንጀራ ነው፤ ጌሾ የነሣችው ባለ ጠላ በማግሥቱ በመንደሩ ሁሉ ትታማለች።

የወቀጠችው ጌሾ በውሃ ተበጥብጦ ከጥቂት ብቅል ጋር በጋኑ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታል፤ ይህ ጥንስስ ይባላል። በዚህ ጊዜ ጆሮን ወደ ጋኑ አፍ ያስጠጋ ሰው ቀስ ያለ መንሾካሾክ ይሰማል። ከዚያም ቂጣ ተጋግሮና ተቆራርሶ ከብቅል ጋር ይጨመርበታል። ቀጥሎ ከባዱ ሥራ ይመጣል፤ ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፥ አሻሮ ይሆናል፤ አሻሮው በውሃ ርሶ በምጣድ ላይ እየተማሰለ ይበስላል፥ እንኩሮ ይሆናል። ይህ ሥራ በእሳት ፊት ግማሽ ቀን የሚያስቆም ነው። የእማማ ዓይኖች ቀልተዋል፤ ጢሱ የጠላውን ጣዕም ቢያሳምርም የሴቲቱን ዓይንና ሳንባ እንደሚጎዳ አንዳንዶቻችን በመደቡ ላይ ተቀምጠን ስንጠጣ አናስበውም። እንኩሮው ከጌሾው እንጨት ጋር ወደ ጋኑ ሲገባ ድፍድፍ ይባላል፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይመረጋል። ምርጊቱ ሲከፈት ያልጠለለው ጉሽ ነው፤ የጠለለው ጠላ ነው፤ በተረፈው ድፍድፍ ላይ እንደ ገና ውሃ ሲጨመር የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው። ብርታቱ እንደ ባለሙያዋ ቢለያይም ከመቶ ከ2 እስከ 6 እጅ ያህል አልኮል ይኖረዋል።

ስለ ቅራሪ አንድ ነገር ላስገባ። በብዙ ቤት ቅራሪ ለልጆች ይሰጣል፤ እኔም በልጅነቴ ጠጥቻለሁ። ሐኪሞች ግን ትንሽም ቢሆን አልኮል ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይገባም ይላሉና፥ በዚህ ነገር የእናቶቻችንን ልማድ መከተል አይበጅም። ለዚህስ ብርዝ አለ፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ ሳይፈላ ይጠጣል። የእስላም ወገኖቻችንም እንግዳቸውን የሚያስተናግዱት በብርዝ ነው። የዋግም ነጭ ማር ስሙ ከአገር አልፎ የተሰማ ስለ ሆነ፥ በዚያ አገር ብርዝ መጠጣት ቅጣት አይደለም።

በጓዳው ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አየሁ። እማማ ዓይኔን ተከትለው አይተው እንደ ማፈር አሉ። «ጋን ሲሰበር የሚተካው ጠፋ» አሉ። «ይህ አይሰበርም፤ ነገር ግን ጢስ አይጠጣም፤ ውስጡ ያለው እንደ ታመመ ሰው ነው፥ ይሞቃል።» ወጣቱም ሸክላ ሠሪዎቹ እየጠፉ መሆናቸውን ነገረኝ። ሲሠሩ ሳሉ ያዋረድናቸው እኛው ነን፤ ሸክላ ሠሪን በክፉ ዓይን የማየት ልማድ በአገራችን ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ልጆቻቸው ከዚያ ስም ለመሸሽ ጭቃውን ቢተዉ ማን ይፈርድባቸዋል? ጋን የሌለበት የጠላ ቤት ግን ለእንግዳ ምን ያሳያል?

ሳንጠጣ አልወጣንም። ለጎረቤት ከተጠመቀው ጠላ በእንስራ ተልኮ የመጣላቸው ነበርና፥ ሲቀዱልን መጀመሪያ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ይህ የጥንት ሥርዓት ነው፥ መጠጡ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር ይሆናል። መልኩ እንደ ጠቆረ ማር ነው፤ መጀመሪያ ጢሱ፥ ቀጥሎ የተቆላው ገብስ፥ በመጨረሻም የጌሾው ምሬት ይመጣል። በዋንጫ ጠጣሁት፤ በብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ጣዕም አላገኘውም ነበር። ወጣቱ ስለ ሻደይ አወራኝ፤ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ የዋግ ልጃገረዶች በወገባቸው ለምለም ሣር አገልድመው በየቤቱ እየዞሩ ሲጫወቱ፥ ጠላ የሌለበት ቤት ያፍራል። ስለ ሰንበቴም አወራኝ፤ ማኅበርተኛው ተራ እየገባ ዳቦና ጠላ ወደ ደጀ ሰላም ያመጣል፥ ድኻውም ከዚያ ሽክና ይካፈላል።

በመጨረሻ ስጠይቀው የዘገየሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ። «እማማ፥ ለዚህ ለትልቁ ጋን ስንት እህል ገባ?»

«አራት ቁና ገብስ፤ ከብቅሉ በቀር» አሉኝ።

ዝም አልኩ። እርሳቸው ግን ዝምታዬን አነበቡት፤ ከኔ በፊት ብዙ ሰው ዝም ብሎባቸው እንደ ነበረ ገባኝ። እነሆ፥ እዚህ ላይ አንባቢዬን ልደብቀው የማይገባኝ ነገር አለ። ዋግ በረኀብ የታወቀ አገር ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን የምግብ እጥረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ፥ ለቃል ኪዳኑ ስም የሰጠው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ ነው። ከሌላ ከተማ ስም ይልቅ የዚችን ስም የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። እንግዲህ በዚህ አገር አራት ቁና ገብስ ለመጠጥ ማዋል ይገባል ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በአዲስ አበባ ጠግቦ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ መጠየቁ ራሱ ያሳፍራል።

ከዓይኔ ያየሁትን ብቻ ልናገር። የዚያ ጓዳ እህል በመጠጥ ብቻ አያልቅም። አተላው በሬ ያደልባል። ቅራሪው ለሥራ የወጡ ጎረቤቶችን ጥም ይቆርጣል። የሚሸጠውም ጠላ ለእኒህ ሴት እርሻ ማለት ነው፤ መሬት የላቸውም፥ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፥ የሁለት የልጅ ልጆቻቸው ደብተርና ልብስ ከጋኑ ነው የሚወጣው። ይህን ብልም ጥያቄው ተፈታ አልልም። ልክ የሌለው ድግስ የድኻውን ጎተራ እንደሚያራቁት በዓይናችን አይተናል፤ ለተዝካር ብሎ በሬውን ሸጦ በማግሥቱ የለመነ ሰው በየመንደሩ አለ።

ይህን የመሰለ ነገር ስናገር እማማ ሰምተው ነበርና፥ «ልጄ፥ ጣሳው ከእንጨቱ ላይ የወረደው ለምን ይመስልሃል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ይህ ጋን አይሸጥም። የእናቴ ነው።»

ከዚያም በረጋ ድምፅ ነገሩኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ በጠና ጊዜ እርሳቸው ሁለት ልጆች ያሏቸው ወጣት ሴት ነበሩ። ጋኖቹን አጥበው፥ ደፍተው፥ በሩን ዘግተው፥ እናታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው እህል ይታደላል ወደ ተባለበት ወደ ኮረም ወጡ። እናታቸው ከኮረም አልደረሱም፤ በመንገድ ዳር ቀበሯቸው። ቄስ ፍትሐት ያደረሰላቸው ከወራት በኋላ ነው። በአርባው ቀን ዳቦም ጠላም አልነበረም፤ የሚበላ ሰው ነበረ እንጂ የሚበላ ነገር አልነበረም። ወደ ደሃና በተመለሱ ጊዜ ከጋኖቹ አንዱ እንደ ተደፋ ሳይሰበር አገኙት። «እርሷ የገዛችው ጋን ነው» አሉኝ፤ «የጠመቃንም ሥራ ያስተማረችኝ በዚሁ ነው። በየዓመቱ እህል ሲኖረኝ ዕዳ ይመጣል፤ ዕዳው ሲያልቅ ድርቅ ይመጣል። አርባ ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ገብሱ ጥቂት ሰጠኝ፤ ጎረቤቶቼም በየአቅማቸው በእፍኝ ጨመሩልኝ። ካህናቱ አይቆጡም ብለውኛል፤ የዘገየ ይሁን እንጂ ይደርሳል ብለውኛል።»

በመጣሁበት መንገድ ለተነሣው ጥያቄ ይህ መልስ ነው ብዬ አላቀርበውም። ይሁን እንጂ ቁናውን ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩትም።

የምርጊቱ ሰዓት ስለ ደረሰ እንድናይ ጠሩን። ወጣቱ ውሃውን በእንስራ እያመጣ ሞላላቸው፤ እርሳቸው በረጅም እንጨት ድፍድፉን ከሥሩ አማሰሉት፤ ሽታው ቤቱን ሁሉ ሞላው። አፉን በክዳን ገጠሙት፥ ጭቃውንም በእጃቸው እያለሰለሱ ዙሪያውን መረጉት። ጣቶቻቸው በጭቃው ላይ ያሳለፉት መስመር ጎልቶ ይታያል። ደብሊን ውስጥ ቢሆን ኖሮ በዚህ ስፍራ ላይ መስተዋት ተደርጎበት፥ ከጎኑ ጽሕፈት ተጽፎ፥ ሰው ከሩቅ ያየው ነበር። እዚህ ግን እጃቸውን ታጠቡና ቡና ይፈላ ዘንድ የልጅ ልጃቸውን ጠሩ።

ስንሰናበት ዋጋ ልሰጥ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድ ተቆጡኝ፤ በዚያ ቀን ጠላ አልሸጡምና። ስለዚህ ወጣቱን ሌላ ጊዜ እንግዳ ሲያመጣ ለጉብኝቱ ምን ያህል መከፈል እንደሚገባው ከርሳቸው ጋር እንዲነጋገር አደራ አልኩት፤ ለውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ጉብኝት የሚከፍል ሰው ለዚህ ጓዳ የማይከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። እማማ፥ «ሰው ጢስ ሊያይ ይከፍላል?» ብለው እንደ ገና ሳቁ፤ ነገሩን ግን አልጣሉትም፤ «እንኩሮ በማማስልበት ቀን ይምጡ፥ ያን ጊዜ ያግዙኛል» አሉ።

በበሩ ላይ ሳለን አንድ ነገር ለመኑን። ካህናቱ በተዝካሩ ዕለት የእናታቸውን የክርስትና ስም በጽሕፈት እንዲሰጧቸው ጠይቀዋቸዋል፤ እርሳቸው ግን አይጽፉም። ወጣቱ ከደብተሩ አንድ ቅጠል ቀድዶ፥ በጉልበቱ ላይ አድርጎ፥ ፊደሉን ጎላ እያደረገ ጻፈላቸው፥ ሁለት ጊዜም አነበበላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው አራት አጠፉት፥ በመቀነታቸውም ጫፍ ቋጠሩት።